ለጣፎው አናጺያችን ምስጋና፤ የእንጨት ሥራ ለምታሠሩ ሁሉ ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጠው፤ እጁን ይባርክለት። ጣፎ፣ የካ አባዶና ለገዳዲ አካባቢ የምትኖሩ፣ ቤታችሁን ገና በማደራጀት ላይ ያላችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ቃሉን የሚያከብር አናጺ አግኝቻለሁ። ለራሴ ብቻ ይዤው ልቀመጥ ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ያሠራሁት ከፍ ያለ ጠረጴዛና አራት ረጃጅም በርጩማዎች ነው፤ በቡና ቤት ባንኮኒ ቁመት፣ ሰው ቆሞም ተቀምጦም የሚገለገልበት ዓይነት። ሳሎናችን ጠባብ ነው። ሶፋው ደግሞ ሰውን ሁሉ በየጥጉ በትኖ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን ያዞረዋል። እሑድ እሑድ ልጆቼና ወንድሞቼ ሲሰባሰቡ፣ ቡና እየተቆላ ፊት ለፊት እየተያየን የምንጫወትበት፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ የሚቆም አንድ ነገር ስመኝ ኖሬያለሁ።

እንጨቱ የራሳችን ነው። ወሊሶ በአባታችን ግቢ የነበረውን ትልቅ ዋንዛ ንፋስ ሲጥለው፣ አባታችን በመጋዝ አስሰንጥቀው ጣውላ አደረጉትና "ይህ የልጆቼ ነው" ብለው ከጎተራው ሥር አስቀመጡት። ዋንዛን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የቡና ጥላ ነው፤ ከበሮውም ሙቀጫውም የንብ ቀፎውም ከእርሱ ይሠራል። ፍሬው ሲበስል ጣፋጭ ነው፤ ጣት ለጣት ያጣብቃል። ወንድም ጋሼ በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው ቀኝ እግራቸው ስላጠረ ዛፍ ላይ አይወጡም ነበር። እኛ ከላይ ሆነን ፍሬውን እናራግፋለን፣ እሳቸው ከሥር ነጠላ ዘርግተው ይቀበላሉ፤ ከዚያ ለሁላችንም እኩል የሚያካፍሉት እሳቸው ነበሩ። አንድም ቀን አድልተው አያውቁም። እንግዲህ ያ ጣውላ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ተረዱልኝ።

ይህን ጣውላ ነው መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው የተጫወተበት። ስሙንም ቦታውንም አልጠራም፤ እግዚአብሔር ልቡን ይመልስለት። ቀብድ ተቀበለ፣ ጣውላውን አስጭኖ ወሰደ። ከዚያ በኋላ "ነገ"፣ "ከነገ ወዲያ"፣ "መብራት ጠፍቶ ነው"፣ በመጨረሻም ስልኩ ዝግ። በሽማግሌ በልመና ጠረጴዛ ነው ብሎ ያመጣልኝን ዕቃ ሳየው ደም ሥሬ ቆመ። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ዋንዛ ይመስላል። ከጠርዙ በኩል በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ግን ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። እርጥብ እንጨት ቀለም ቀብቶ የአባቴን ዋንዛ ለውጦብኛል! ሽማግሌዎቹ ገብተውበት የቀረውን ጣውላ አስመለሱልኝ፤ የሄደው ግን ሄደ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ገንዘቡን እርሱት፤ ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል።

ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ከአንድ ሱቅ የተዘጋጀ በርጩማ ገዛሁ። እግሩ ብረት፣ መቀመጫው በቆዳ የተሸፈነ ቺፑድ ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት የባለቤቴ አጎት ተቀምጠውበት ሳለ መቀመጫው ከብረቱ ተነቅሎ፣ ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት መሬት ላይ ወደቁ። ሱቁ ሄጄ ብናገር "ከበር ከወጣ በኋላ እኛን አይመለከተንም" አሉኝ። ደረሰኙን እያሳየኋቸው!

አሁን ወደ ደጉ ሰው ልመለስ። ያየሁት ጎረቤቴ ቤት ነው። በክረምት አልዘጋ እያለ የሚያስቸግራቸውን በር አውልቆ ሲልግ አገኘሁት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እርሱ ግን በእጅ መላጊያ ሥራውን ቀጥሏል። ጨርሶ በሩን ሲገጥመው በአንድ ጣት ተዘጋ። ቆሻሻውን ራሱ ጠርጎ፣ ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ወጣ። ይህ ብቻ በቃኝና ያንኑ ቀን ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ጣውላውን ሲያይ ዝም ብሎ በእጁ ዳሰሰው፤ አንኳኳው፤ ጫፉን አየው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት "እትዬ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?" አለኝ። በዕድሜዬ ብዙ ዕቃ አሠርቻለሁ፤ ማን እንደሚቀመጥበት የጠየቀኝ ግን የለም። "እሑድ ሁላቸውም እዚህ ናቸው" አልኩት። "እንግዲያው እሑድ እመጣለሁ" አለና ሄደ።

እሑድ መጣ። ግቢ ውስጥ ብሎኬት ደርድሮ ሳንቃ አጋደመበትና እያንዳንዳችንን በየተራ አስቀመጠን። ከጉልበታችን ሥር እስከ ተረከዛችን በሜትር ይለካል፣ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የወንድም ጋሼ ተራ ሲደርስ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ሰው ስለ እግራቸው ሲጠይቃቸው አይወዱም። እርሱ ምንም አልጠየቀም። ግራ እግራቸውን ለካ፣ ቀኙን ለካ፣ ጻፈ። "እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ወደ ልጄ ዞረ።

ልኩን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ የነገረኝን ልጻፍላችሁ። የጠረጴዛው ከፍታ 105 ሴንቲ ሜትር፣ የበርጩማው መቀመጫ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተረፈ ጭን አይገባም፤ ከበዛ ደግሞ ትከሻ ይደክማል ይላል። ለአንድ ሰው በጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይሰጣል። የእግር ማሳረፊያው ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይውላል፤ ረጅም በርጩማ ያለ ማሳረፊያ ሰው ማሠቃያ ነው አለኝ። የበርጩማዎቹን እግሮች ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ያደረጋቸው ከፍ ያለ ዕቃ እንዳይገለበጥ ነው። የቀረውን፣ እንጨቱ በእንጨት ውስጥ እየገባ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ብዙ አስረዳኝ፤ ቢሆንም ለእናንተ ለማስረዳት የሚያስችል እውቀት የለኝም። ምስማር ግን አላየሁም።

ሥራውን የሠራው እዚሁ እኛ ግቢ፣ ዓይናችን እያየ ነው። ጣውላውን ወደ ሳሎን አስገብቶ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ አደረገ፤ የሚኖርበትን ቤት አየር ይልመድ አለ። ሰፊ ጣውላ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ግጥም አድርጎ ያሰሩት እንደሆነ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የጠረጴዛው ፊት መላወሻ እንዲኖረው አድርጎ አያያዘው። ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ አንድ ስንጥቅ የለውም። በዋንዛው ቡናማ መካከል ያለችውን ነጣ ያለች መስመር ሌላው ቢሆን ቆርጦ ይጥላት ነበር። እርሱ መሃል ለመሃል አድርጎ አወጣት፤ ቫርኒሹ ሲቀባ ጠረጴዛው የአበሻ ቀሚስ ጥለት የወጣበት መሰለ።

ልቤን የነካውን አሁን ልንገራችሁ። በርጩማዎቹ አለቁና ተደረደሩ። አራቱም አንድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በፊት ለፊት ሁለት ሁለት የእግር ማሳረፊያ አላቸው፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከፍ ያለ። ለጌጥ መስሎን ነበር። አንደኛውን ወደ ወንድም ጋሼ ሳብ አደረገና "ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ" አላቸው። ተቀመጡ። ግራ እግራቸው የታችኛውን ረገጠ፤ ቀኙ ሳይንጠለጠል በላይኛው ላይ አረፈ። ወንድም ጋሼ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው አየር ላይ ስለሚቀርና ስለሚደነዝዝ ጭናቸውን በእጃቸው እየጨበጡ ነው የሚያወሩት፤ ዕድሜ ልኬን የማውቀው እንዲህ ነው። ያን ዕለት ሁለቱም እጆቻቸው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ቆይተው "ልጄ፣ ማን ነገረህ?" አሉት። "ሜትሩ ነው የነገረኝ ጋሼ" አላቸው።

የእሳቸው በርጩማ ላይኛው ማሳረፊያ ከሌሎቹ በትንሽ ይለያል፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ካልሆነ ማንም አይለየውም። እኛ እንዳንሳሳት ከመቀመጫው ሥር ትንሽ ምልክት በመሮ ቀርጾበታል። ለብቻ የተለየ ወንበር ሠርቶላቸው ቢሆን ኖሮ ወንድም ጋሼን አውቃቸዋለሁ፣ አይቀመጡበትም ነበር። ይህ ልጅ ግን አንድ ጊዜ አይቷቸው ገባው። ተጨማሪ እንጨት፣ ተጨማሪ ድካም ነው፤ አንድ ብር አልጨመረብኝም። ልክፈል ብዬው እንኳ "የተነጋገርነው ተነጋገርን ነው" አለ።

የተረፈውን ቁራጭ ዋንዛም አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረከበኝ። ፊተኛውን ሰው ለሚያስታውስ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር ነው! ከቁራጩ ለእጣን ማጨሻው ማስቀመጫ ሠርቶልናል፤ የቀረው አሁንም አለ።

ወገኖቼ፣ አሠሩት። ቁም ሣጥንም ይሁን በር፣ አልጋም ይሁን የልጆች ጠረጴዛ፣ ለዚህ ልጅ ስጡት። ቀብድ ሲቀበል በወረቀት ይፈርማል፤ በቀኑ ካልደረሰለት አስቀድሞ ይደውላል። ብቻውን ስለሚሠራ ወረፋ አለው፤ ከፋሲካ በፊት የምትፈልጉ ከአሁኑ ተነጋገሩ። እባካችሁ ዋጋ አታጎሳቁሉት፤ የሚጠይቀው ተገቢ ነው። እንጨት ከሌላችሁ አብሯችሁ ሄዶ የደረቀውን ከእርጥቡ ለይቶ ያስገዛችኋል።

ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። በርጩማዎቹን ማየት የምትፈልጉም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አለ፤ ኑና ተቀምጣችሁ ሞክሯቸው።