የድረ ገጽ ማስታወቂያ ገቢ፦ አድሴንስ፣ ሚዲያቫይን ወይስ በቀጥታ መሸጥ?

በአማርኛ የሚጽፍ፣ ወይም ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የድረ ገጽ ባለቤት የማስታወቂያ ገቢውን ለማሳደግ ሲያስብ በፊቱ የሚቀርቡለት ዋና ዋና መንገዶች ጎግል በሰው ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ገቢውን የሚያካፍልበት አድሴንስ፣ እንደ ሚዲያቫይን ያሉ ማስታወቂያውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ቦታውን ለነጋዴ በቀጥታ መሸጥ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያወዳድራቸው ከገቢው ስንት በመቶ እንደሚሰጡ በማየት ነው። ከመቶኛው በፊት ግን ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሚቀርብና አንባቢው የት አገር እንደሚኖር መታየት አለበት።

ለመጀመር የሚቀለው አድሴንስ ነው፤ የተወሰነ የጎብኚ ቁጥር አይጠይቅም። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ የሚከፍለው በክሊክ ሳይሆን በእይታ ሲሆን፣ አስነጋሪው (ማስታወቂያ ለማሳየት የሚከፍለው ነጋዴ) በጎግል በኩል ከሚያወጣው 100 ዶላር ውስጥ 68 ዶላር ገደማ ለገጹ ባለቤት ይደርሳል። ችግሩ ያለው ቋንቋው ላይ ነው። አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች በዝርዝር የተቀመጡ ሲሆኑ አማርኛ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ስለ ቆየ፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከማመልከቱ በፊት ዝርዝሩን መመልከት ይኖርበታል። ገጹ ቢፈቀድለት እንኳ ከአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሺህ እይታ ከዋሽንግተን ከሚገኘው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ያመጣል፤ በኢትዮጵያ ላለ አንባቢ ማስታወቂያ ለማሳየት የሚጫረቱ አስነጋሪዎች ጥቂት ናቸውና።

አገር ቤት ለሚኖር ደግሞ የፖስታ ጉዳይ ይጨመራል። ሂሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይላካል፤ ቁጥሩ በ4 ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው መታየቱን ያቆማል። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት የሚሠራ የፖስታ ሳጥን ቁጥር መያዝ ይበጃል። ገንዘቡ የሚለቀቀው 100 ዶላር ከሞላ በኋላ ነው፤ ቶሎ እንዲሞላ ብሎ ወዳጅ ዘመድን «ማስታወቂያውን ጫኑልኝ» ማለት ሂሳቡን ከማዘጋት በቀር የሚያተርፈው የለም።

ሚዲያቫይን ለብዙ ዓመታት በወር 50,000 ጉብኝት የሌለውን ገጽ አይቀበልም ነበር፤ በ2024 ለትናንሽ ገጾች ጆርኒ የተባለውን አገልግሎት ከከፈተ ወዲህ በሩ ሰፍቷል። በዋናው አገልግሎቱ ከገቢው ቢያንስ 75 በመቶውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ነገር ግን የጥር ወር ገቢ የሚከፈለው በሚያዝያ መጀመሪያ በመሆኑ (ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ መንገድ የሚስማማው፣ ለምሳሌ የዶሮ ወጥና የእንጀራ አሠራርን በእንግሊዝኛ እየጻፈ አብዛኛውን አንባቢ ከአሜሪካና ከካናዳ ለሚያገኝ ሰው ነው። ለአማርኛ ገጽ አልመክረውም።

ለአማርኛ ገጽ የተሻለ ሆኖ የማገኘው በቀጥታ መሸጥን ነው። በውጭ አገር የሚኖር አማርኛ አንባቢን የሚፈልጉ ነጋዴዎች አሉ፤ ምግብ ቤቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የቤት ሽያጭ ደላላው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃውና ግብር የሚሠራው የሒሳብ ባለሙያ ይህን አንባቢ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያገኙበት ስፍራ ብዙ አይደለም። እንበልና በወር 20,000 እይታ ያለው ገጽ አንድ የባነር ቦታ በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚገኝ ምግብ ቤት በ50 ዶላር ቢሸጥ፣ ለአንድ ሺህ እይታ 2.50 ዶላር አገኘ ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ቦታ በዚሁ ዋጋ ለሒሳብ ባለሙያ ቢሰጥ ለአንድ ሺህ እይታ ገቢው 5 ዶላር ይሆናል፤ ተካፋይም የለበትም። ወቅቱን ማወቅም ዋጋ ያስጨምራል፦ የሒሳብ ባለሙያው ማስታወቂያ የሚፈልገው በአሜሪካ የግብር ማሳወቂያ ማብቂያ ከሆነው ኤፕሪል 15 በፊት ባሉት ወራት ሲሆን፣ ገንዘብ አስተላላፊውና የጉዞ ወኪሉ እንቁጣጣሽና ገና ሲቃረቡ ነው።

ድካሙ ግን የራስ ነው። ደንበኛ መፈለግ፣ ባነሩን ማሠራት፣ የእይታውን ቁጥር በየወሩ ማሳየትና ክፍያ መጠየቅ ጊዜ ይበላል፤ ከወሩ በፊት ያልተቀበሉትን ገንዘብ በኋላ መሰብሰብም ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ያለ ድርጅት ወጪውን ለመመዝገብ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሚጠይቅ ያለ ንግድ ፈቃድ ትልቅ ደንበኛ መያዝ አይቻልም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር የዓመት ውል መግባት ለሻጩ አይመችም፤ የሦስት ወር ውል ይሻላል። በጽሑፍ ውስጥ የሚገባ የተከፈለበት አገናኝ (ሊንክ) ካለም፣ በኮዱ ላይ «ስፖንሰርድ» (sponsored) የሚለው መለያ ካልተደረገበት ገጹ በጎግል ፍለጋ ላይ ደረጃውን ሊያጣ ይችላል።

አድሴንስ የተፈቀደለት ሰው ሳይሸጡ የቀሩትን ቦታዎች በእርሱ መሙላት ይችላል፤ አድሴንስ ሌላ ማስታወቂያ አጠገቡ መኖሩን አይከለክልም። ሚዲያቫይን ግን ከሌላ የማስታወቂያ አቅራቢ ጋር ጎን ለጎን መሥራትን ስለሚገድብ፣ የቀጥታ ደንበኞች ያሉት ሰው ከመፈረሙ በፊት የትኞቹ ቦታዎች በእጁ እንደሚቀሩ ከውሉ ላይ ማጣራት አለበት።