ሱፓቤዝ ወይስ ፖኬትቤዝ፦ በራስ ሰርቨር ላይ የትኛው ያዋጣል?

የሞባይል መተግበሪያ የሚሠሩ ወዳጆቼ በየጊዜው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የተጠቃሚ ምዝገባን፣ ዳታቤዝንና የፋይል ማከማቻን የሚይዝ ክፍት ምንጭ ባክኤንድ በራሳችን የሊኑክስ ሰርቨር ላይ በዶከር (ሶፍትዌርን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ ለብቻው በሚያስኬድ መሣሪያ) ስንጭን ሱፓቤዝን እንምረጥ ወይስ ፖኬትቤዝን? ለአነስተኛ ሥራ ያለ ማመንታት ፖኬትቤዝ እላለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋ ነው።

ሶፍትዌሮቹ ነጻ ቢሆኑም ሰርቨሩ ነጻ አይደለም። ሱፓቤዝ በዶከር ኮምፖዝ ሲነሣ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ጨምሮ ዐሥር ያህል ኮንቴይነሮችን (ተነጥለው የሚሠሩ የሶፍትዌር ጥቅሎችን) አንድ ላይ ስለሚያስነሣ 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ፖኬትቤዝ ግን ኤስኪውላይት የተባለውን ቀላል ዳታቤዝ በውስጡ የያዘ አንድ ፋይል ስለሆነ 1 ጊጋባይት ይበቃዋል። ሰርቨር በሚያከራየው በዲጂታልኦሽን ዋጋ ብናሰላው የመጀመሪያው በወር 24 ዶላር፣ ሁለተኛው 6 ዶላር ነው፤ ልዩነቱ በዓመት 216 ዶላር ይደርሳል፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ባንክ ለባንክ ለሚንከራተት ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ የሱፓቤዝ ኩባንያ ራሱ የሚያስተዳድረው የፕሮ አገልግሎት፣ ዕለታዊ መጠባበቂያ ቅጂውን ጨምሮ፣ ከ25 ዶላር ይጀምራል። እንግዲህ ሱፓቤዝን በ24 ዶላር ሰርቨር ላይ የሚጭን ሰው በወር አንድ ዶላር ለማትረፍ ብሎ የሌሊት ዘበኝነቱን ለራሱ ይወስዳል።

ሱፓቤዝ ሌላም ጣጣ አለው። አብሮት በሚመጣው የናሙና ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች ማንም የሚያውቃቸው ሆነው ሳለ ሳይቀይራቸው የሚያስነሣው ሰው ብዙ ነው። የዶከር ሎግም (የሥራ ማስታወሻው) ገደብ ካልተበጀለት ዲስኩን ቀስ በቀስ ይሞላዋል፤ ኮንቴይነር በበዛ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናል።

ፖኬትቤዝ ላይ የምፈራው የማይታመን ኢሜጅን (ኮንቴይነር የሚነሣበትን ዝግጁ ጥቅል) ነው። ይፋዊ የዶከር ኢሜጅ ስለሌለው የኢሜጆች ማከፋፈያ በሆነው በዶከር ሃብ ላይ የሚገኙት ሌሎች ሰዎች ያዘጋጇቸው ናቸው። እንድጠግነው የተሰጠኝ አንድ ሰርቨር በእንዲህ ዓይነቱ ኢሜጅ የተሠራ ነበር፤ ጫኚው ቮልዩሙን (ኮንቴይነሩ ቢሰረዝም ዳታው የሚቀርበትን ቦታ) ያገናኘው በአንድ ማውጫ ላይ ሲሆን ኢሜጁ ዳታውን የሚጽፈው ግን በሌላ ማውጫ ውስጥ ስለነበር፣ ለማደስ ሲባል ኮንቴይነሩ በተሰረዘ ጊዜ የደንበኞቹ መዝገብ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ይፋዊውን ፋይል ከጊትሃብ አውርዶ በአልፓይን (በትንሽ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ አጭር ዶከርፋይል (የኢሜጅ መሥሪያ መመሪያ) መጻፍ ይሻላል፤ ከዚያም አንድ የሙከራ መዝገብ አስገብቶ ኮንቴይነሩን መሰረዝና እንደገና ፈጥሮ መዝገቡ በቦታው መኖሩን ማየት ነው። ዶከር የሚከፍተው ፖርት የዩኤፍደብልዩን (የሊኑክስ መከላከያውን) ፋየርዎል አልፎ ስለሚሄድ፣ ከውጭ በቀጥታ እንዳይደረስበት ፖርቱን 127.0.0.1:8090:8090 ብሎ ማሰርም የግድ ነው።

ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሓፊ ብቻ ስለሚያስተናግድ፣ ብዙ ሰው ያለማቋረጥ ለሚጽፍበት ወይም ሥራው በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ለሚከፋፈል መተግበሪያ ፖኬትቤዝ አይሆንም። ፖስትጂአይኤስን (የካርታና የቦታ ዳታ መያዣውን) የመሰለ የፖስትግሬስ ቅጥያ የሚያስፈልገው ሰውም ሱፓቤዝን ይያዝ፤ ዳታው ከራሱ ሰርቨር እንዳይወጣ የሚያስገድደው ነገር ከሌለ ግን 25 ዶላሩን ቢከፍል ይሻለዋል።