ለደብረ ብርሃኗ የሰመመን ባለሙያ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ወንድሜ ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። ቁስሉን ፈርቶ ማሳል እምቢ አለ፣ አክታው ተጠራቀመና የሳንባ ምች ያዘው። ስለዚህ አባቴ ትልቁ አንጀቱ ተጠማዞ ከመንዝ ደብረ ብርሃን በአምቡላንስ ሲደርስ (ደጋው አገራችን በደንብ የሚያውቀው በሽታ ነው)፣ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

ፊርማ ስጪ ተብዬ ቀልቤ ጠፍቶ ሳለ የሰመመን ባለሙያዋ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሙሉ ሰመመኑ እንዳለ ሆኖ፣ ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ገና ሳይነቃ የሆዱን ግድግዳ ነርቮች እንደምታደነዝዝ ነገረችኝ። ነርቭ ብሎክ ይሉታል። ነርቮቹ ከጀርባ ተነስተው በሆድ ጡንቻዎች መሃል እያለፉ ወደ ፊት ይመጣሉ። እሷ ያንን እርጉዝ የሚታይበትን አልትራሳውንድ ሆዱ ላይ አድርጋ፣ መርፌዋ የት እንደደረሰች እያየች፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ቡፒቫኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ትሰጣለች።

ደስ ያለኝ አለመሸንገሏ ነው። «የሚደነዝዘው ቆዳውና ጡንቻው ነው፤ የውስጡን የአንጀት ሕመም አይነካውም፤ ፓራሲታሞልና ትራማዶል አይቀሩለትም» አለችኝ። ማደንዘዣው ሌሊት ላይ ሊለቀው ስለሚችል ማስታገሻው ቀድሞ እንዲሰጠው ለተረኛዋ ነርስ ጽፋ ሄደች።

አባቴ ነቅቶ ትንሽ ቆየና ሆዱን ዳሰሰ። «ልጄ፣ የቀደዱት የኔን ነው የሌላ ሰው?» ማታ የታጠፈ ጋቢ ስፌቱ ላይ ደግፎ አሳለ። እኔ አለቀስኩ፤ ሳል ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ አታውቁም መቼም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ መጣ፣ አቃሰተም፤ ግን የሚቻል ነበር። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ በማግስቱ ባናውን ደርቦ ኮሪደሩን ዞረ።

እሷም ተረኛ ሳትሆን መጥታ አየችው። «አባባ፣ በደንብ ይሳሉ እንጂ!»

ስሜን አትጻፊ፣ ሥራዬ ነው ስላለች አልጽፍም። የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃችሁ ግን የሰመመን ባለሙያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ነርቭ ብሎክ ለኔ ይሆናል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ማደንዘዣ የማይስማማችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ የአባቴ መልእክት አለሽ፦ ጾሙ ሲፈታ የመንዝ ቅቤ ይመጣልሻል። አልቀበልም ማለት አይቻልም ብሏል።