የኤክሴል የሺት መቀያየሪያዎች፦ ብዙ ሺት ላለው ፋይል የትኛው ይሻላል?

የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ እስከ ሰኔ በወር ከፋፍሎ፣ በየወሩም ደመወዙን፣ ወጪውንና ንብረቱን ለየብቻ የያዘ የኤክሴል ፋይል በቀላሉ ከ30 ሺት (በአንድ ፋይል ውስጥ ያለ የሠንጠረዥ ገጽ) በላይ ይሆናል። በኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልን ከፔጅ ዳውን ጋር መጫን ወደ ቀጣዩ፣ ከፔጅ አፕ ጋር መጫን ደግሞ ወደ ቀዳሚው ሺት ያሻግራል፤ ይህ ለአጎራባች ሺቶች እጅግ ምቹ ቢሆንም ከሐምሌ ወደ ግንቦት ለመዝለል ግን አይሆንም።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ከታች በግራ በኩል ባሉት ትንንሽ ቀስቶች ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ የሚከፈተውን ዝርዝር ነው፤ የሺቶቹን ስም ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ያቀርባልና የተፈለገው ላይ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ይበቃል። የተደበቁ ሺቶችን አያሳይም፤ የመፈለጊያ ሳጥንም የለውም። ይህን ጉድለት በማይክሮሶፍት 365 ቪው ከሚለው ክፍል የሚከፈተው ናቪጌሽን የተባለ የጎን መስኮት በሚገባ ይሞላዋል፤ የስሙን ከፊል ጽፎ መፈለግ ያስችላል።

ከፊት ማውጫ ሺት አዘጋጅቶ በሊንክ ማያያዝም መልካም ነው፤ ነገር ግን የሺቱ ስም ሲለወጥ ሊንኩ አብሮ ላይታረም ስለሚችል ስያሜውን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።