ደሴ ያሉት ኮርቻ ሰሪ፣ ነካሽ ፈረስ ላላችሁ

ኮርቻውን የት አሰራኸው ለምትሉኝ ሁሉ አንዴ ልፃፈውና ልገላገል። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ የቆዳ ሽታ ተከትላችሁ ግቡ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፈረሱ። መልኩ ዳማ (ቀላ ያለ) ነው፣ በወጣትነቱ ወረኢሉ በኩል በየጥምቀቱና በየሰርጉ ሲሽቀዳደም የኖረ፣ ዕድሜው ሲገፋ ከውድድር ወጥቶ እኔ ጋ መጣ። የሸጠልኝ ሰውዬ "በግ ነው በለው" ብሎኝ ነበር፣ እኔ በግ ሲናከስ አይቼ አላውቅም። ኮርቻ ይዛችሁ ስትጠጉት ጆሮውን ወደኋላ ይለጥፍና ዞሮ ትከሻችሁን ይፈልጋል፣ እንደምንም ከወጣችሁበት ደግሞ ሶምሶማ የሚባል ነገር የለም፣ እርካብ ስትረግጡ ሽምጥ ነው። አይፈረድበትም፣ ዕድሜ ልኩን ሰው ከወጣበት መሮጥ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰፈሩ ግን ጂኒ አለበት ብሎ ደምድሟል፣ ዱዓ አስደርግለት ያሉኝም አሉ (ዱዓ አይጠላም፣ አስደርጌለታለሁ)።

ሰሪው ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ሸህ ነው የሚላቸው። ሌላ ቤት ብትሄዱ የተሰቀለውን አውርደው ዋጋ ይነግሯችኋል፣ እሳቸው ፈረሱን ሳላይ ብር አልቀበልም አሉኝ። ወስጄ አቆምኩላቸው። ከፊት አልመጡበትም፣ በግራ ትከሻው በኩል እያወሩ ነው የተጠጉት፣ ፈረስ ግራ ቀኙን በሰፊው ቢያይም ልክ ግንባሩ ፊትና ልክ ጭራው ኋላ ያለው አይታየውም። ከዛ ከአንገቱ ጀምረው በመዳፋቸው ጫን ጫን እያረጉ ወደ ጀርባው ሲሄዱ የኮርቻው ፊት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳው ርግብግብ አለ፣ ጆሮውም ተለጠፈ። ፀጉሩን ገለጥ አርገው አሳዩኝ፣ ድሮ ገጣባ (የኮርቻ ቁስል) የነበረ ቦታ ድኖ ነጭ ፀጉር አብቅሏል። "አብሽር የኔ ልጅ፣ አንተም ብትሆን ትናከስ ነበር" አሉኝ።

የኛ አገር ኮርቻ ዋናው እንጨቱ ነው፣ ቆዳው ልብስ ነው። እንጨቱ ለጀርባው ከሰፋ አከርካሪው ላይ ይቀመጥና የጋላቢው ክብደት ሁሉ እዛ ያርፋል። ሸህ የጀርባውን ቅርፅ በሽቦ አጉብጠው ወሰዱ፣ በዛው ልክ ጠረቡ፣ መሀሉ ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፣ ከስር የሚነጠፈውን ደግሞ ከባና (ከበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) ቆርጠው ደራርበው ሰፉት። ልጓሙንም አስወለቁኝ፣ የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚወጣ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩን ይቆርጠዋል፣ በዛ ላይ ብረት ሲጎተትበት አስቡት። የእንስሳት ሐኪም ይሞርድለት ብለው እስከዛ ብረት የሌለው ልባብ ሰሩልኝ።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው የአባ ሻንቆ አገር ሆነን፣ ፈረሰኛው በ1888 ዓድዋ የዘመተ አገር ሆነን፣ ዛሬ በልክ ኮርቻ የሚሰራ ሰው ፍለጋ መከራ ነው፣ ሁሉ ነገር ባጃጅ ሆኗል ወላሂ።

ኮርቻው ካለቀ በኋላም ቶሎ አትውጣበት ብለውኝ ነበር። ጭኜው ሳር ሲግጥ ዝም ብዬ አጠገቡ መቆም፣ ጦሳ ተራራ ስር እየሳብኩት መዞር፣ ከዛ ወጥቶ አንድ እርምጃ እንኳ ሳያስኬዱ መውረድ፣ እሱን እየደጋገምኩ ከረምኩ። ገብሱን ቀንሼ ሳር አበዛሁለት፣ ሩጫ ለሌለው ፈረስ ያ ሁሉ ገብስ ምን ያደርግለታል። አሁን ኮርቻ ሲያይ ጆሮው ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ፣ ሰሞኑን ጭራሽ ኪሴን በአፍንጫው መፈተሽ ጀምሯል፣ ሶምሶማም ለምዷል፣ ሌላ ፈረስ ከኋላው ካልመጣ ማለቴ ነው። እንግዳ ሰው ግን አሁንም ይነክሳል፣ የአጎቴ ልጅ ምስክር ነው።

አንዷ ኮከብ የቀነሰችው በቀጠሮ ነው፣ ሐሙስ ና ካሏችሁ የትኛው ሐሙስ ብላችሁ ጠይቁ። ግላሱ (የኮርቻው ልብስ) ላይም ሳላዛቸው ቀይ አረንጓዴ ክር አንጠልጥለውበት ዳማው ክሩ በተወዛወዘ ቁጥር ሲደነብር ቆርጬ ጣልኩት። ዋጋው ገበያ ላይ ከተሰቀለው ይበልጣል፣ ተከራከሩ ከፈለጋችሁ፣ እሳቸው ቡና አስፈልተው ያዳምጧችኋል እንጂ አይቀንሱም። አርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነው። እርካብ እሳቸው ጋ የለም፣ ብረት ቀጥቃጭ ጋ አሰርታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፈረሱንም ውሃ አጠጥታችሁ ውሰዱት፣ ልኬቱ ረጅም ሰዓት ያስቆመዋል።