ባሕር ለናፈቃት አክስቴ፦ ለሹፌራችን ምስጋና፣ ወደ ቢሾፍቱ ለምትወጡ ደግሞ ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱና አካባቢው የምትኖሩ፣ ቅዳሜ እሁድ ከከተማ ወጣ ማለት የምትወዱ፣ በተለይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዛችሁ የምትንቀሳቀሱ ካላችሁ ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። ትንሽ ትረዝማለች። ግን አንድ ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ደስ አይለኝም።

አክስቴ አሰብ ነው የኖረችው። ባሏ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ልጆቿንም እዚያው ወለደች። በ1983 ዓ.ም. እንደ ብዙው ሰው ቤት ንብረቷን ትታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየችም። ሙቀቱን አትናፍቅም፤ "እሱስ እሳት ነው" ትላለች። የሚናፍቃት ማታ ማታ ፀሐዩ ሲበርድ ጫማዋን አውልቃ ውሃ ዳር መቀመጧ ነው። ቲቪ ላይ ባሕር በታየ ቁጥር "ድምፁን ጨምሩልኝ" ትለናለች።

ባለፈው ዓመት ላስደስታት ብዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ጋር ሄጄ መኪና ከነሹፌሩ ተከራየሁ። በፈጣን መንገዱ ሽው ብለን ቢሾፍቱ ገባን። ሹፌሩ አንድ መዝናኛ በር ላይ አወረደንና "አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ብሎ ጠፋ። መግቢያ ከፈልን። ሐይቁ ከአጥሩ ወዲያ፣ ወደ ታች፣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መውረጃው ደረጃ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሁለቱንም ጉልበቷን ያማታል። ቀኑን ሙሉ ከላይ ተቀምጠን ቁልቁል አየነው። ስንመለስ "ጥሩ ነው፣ ፎቶ ይመስላል" አለችኝ። ልታስደስተኝ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። ያቺ "ፎቶ" ግን ስታንገበግበኝ ከረመች።

ዘንድሮ ጎረቤቴ የሌላ ሹፌር ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩና "ለቀን ስንት ነው የምታስከፍለው?" አልኩት። "እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ምን ልታዩ ነው የፈለጋችሁት?" አለኝ። አምስት ሐይቅ ዘረዘርኩለት፦ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስለ አክስቴ ነገርኩት።

"እናት መራመድ ይችላሉ?"

"ትንሽ።"

"እንግዲያው ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምንሄደው።"

በኋላ መንገድ ላይ ምክንያቱን አስረዳኝ። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ መሬቱ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱን ቀስ እያለ ውሃ ይሞላዋል። (እሱ በዚህ ቃል አላለውም። "ድስት በለው" ነው ያለኝ።) ድስቱ ከንፈር ላይ ቆሞ ማየት ቀላል ነው፤ ሆቴሉም ካፌውም እዚያ ከንፈሩ ላይ ነው የተሠራው። ውሃውን ለመንካት ግን ገደሉን መውረድ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ዳር ላይ አትዘናጉ፤ ጥቂት እርምጃ ገብታችሁ መሬቱ ሊከዳችሁ ይችላል።

የሄድነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ብሎን አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በር ላይ ቆሟል። ነዳጁን ማታውኑ ተሰልፎ ቀድቷል። አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ግን ውስጧ ንጹህ። የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ለአክስቴ እግር መዘርጊያ አበጅቶላታል። ከኋላ እቃ መጫኛው ላይ አንዲት አጭር በርጩማ አየሁ። "ይቺ ምንድን ናት?" ስለው "ትፈለጋለች" ብሎኝ ዘጋው።

በፈጣን መንገዱ አልሄድንም። "እሱ ለሚቸኩል ነው" ብሎ በአሮጌው መንገድ በገላን ወሰደን። ከባድ መኪና ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን በግራ የየረር ተራራ፣ በቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ እየታየ መሄድ ሌላ ነው። ዝቋላን ስታይ አክስቴ አማተበችና "አቦዬ" አለች። ጫፉ ላይ ገዳሙና ሐይቁ እንዳሉ ታውቃለች፤ በልጅነቷ ለመጋቢት 5 ንግሥ በእግሯ ወጥታዋለች። ይሄን ታሪክ እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሹፌሩ "ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ፣ እናቴ? ማን ይዞዎት ሄደ?" እያለ አስወራት። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ ስለ ገዛ አክስቴ እማር ነበር።

ዱከም ላይ ቁርጥ ወዳድ የሆነ ሰው መቆም አለበት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ሌላ የት ይገኛል? እኛ ቡና ብቻ ጠጥተን አለፍን።

የመጀመሪያው ቦታ ጨለለቃ ነው። እሱ ድስት አይደለም፤ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ውሃ ነው፣ ዳሩም ሜዳ። ስለዚህ መኪናው በጣም ይጠጋል። በበጋ ወፍ ይሰፍርበታል። ፍላሚንጎዎቹ ራቅ ብለው እንደ ሮዝ መስመር ተደርድረው ነበር፣ ዳክዬው ግን ቅርብ ነው። አንድ አባ ኮዳ ደግሞ እንደ ዘበኛ ቆሞ ያየናል። አክስቴ ከመኪናው ሳትወርድ በሩን ከፍታ አንድ ሰዓት ያህል ተመለከተች። የምታስቡ ካላችሁ ግን ሳትጠይቁ አትሂዱ። አንዳንድ ዓመት ውሃው ይሸሻል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይደርቃል። እሱ ከመሄዳችን ሁለት ቀን በፊት ለሚያውቀው ልጅ ደውሎ "ውሃ አለ ወይ?" ብሎ ጠይቆልናል።

ምሳ ዓሣ ነው። የበላንበት ቤት ሰሌዳ እንኳን የለውም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አራት ጠረጴዛ። ሹፌሩ ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ገባና ቆሮሶዎቹን አስወጥቶ አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ገለጠ። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ከሆነ አዲስ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ይለፈን ማለት ነው። ሁለት መለሰ፣ ሦስት አስጠበሰ። የዝዋይ ነው አሉን። ተተልትሎ ተጠብሶ ሲመጣ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ነው፣ በእጅ ሲነኩት ይፈርሳል። ዳጣው ግን እንባ ያስወጣል። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው የቤታችን የዘወትር ክርክር ነው፤ ቅዳሜ ስለነበር ለአንድ ቀን አረፍን። አክስቴ አጥንቱን ብቻ አስቀርታ በላች። የአሰብ ሰው ዓሣ ሲበላ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ከምሳ በኋላ እኔ ልሂድ ልሂድ ስል "ቆይ፣ ነፋሱ ይነሳ" አለን። አልገባኝም። ቡና ተፈላ፣ ሁለተኛ ተጠጣ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ ሆራ ወሰደን።

ሆራ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ የሚከበርበት ሐይቅ ነው። ያን ሰሞን ሕዝቡ እርጥብ ሳርና አበባ ይዞ ይሞላዋል። ለበዓሉ መሄድ የሚፈልግ ያን ጊዜ ይሂድ፤ ጸጥታ የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ። በዓሉ ሲሆን ሽማግሌም አሮጊትም ውሃው ድረስ ስለሚወርድ መውረጃው ሰፋ ያለ ነው። ሹፌሩ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ እስከሚቻለው ድረስ መኪናውን አስጠጋ። የቀረውን አክስቴን እኔ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ይዘናት በየአሥር እርምጃው እያረፍን ወረድን። አንዴም "ቶሎ በሉ" አላለም።

በርጩማዋ የተፈለገችው ያኔ ነው። ውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። የበርጩማዋ አንዱ እግር ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሄዶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከሥሯ አስገባ፣ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ሞከራት፣ ከዚያ "አሁን ይቀመጡ፣ እናቴ" አላት። አክስቴ ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሁለት እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች።

ነፋሱ ያለው እውነት ነበር። ጠዋት እንደ መስታወት የሚሆነው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ሞገድ እያለ ዳሩን ቸፍ ቸፍ ያደርገዋል። ለካ ያስጠበቀን ለዚህ ነው። የባሕሩን ድምፅ እንደምትናፍቅ ስልክ ላይ ነግሬው ነበር፤ አልረሳም።

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። እኔም አላናገርኳት። በመጨረሻ "ጨው ነው የጎደለው" አለች። ሹፌሩ "እሱን በሚቀጥለው ይዤ እመጣለሁ" ሲላት እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ስትነሳ ያዘጋጀውን ውሃ በሃይላንድ አምጥቶ እግሯን አስታጠባት። ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን አደረገ።

ሂሳብ ላይ አስቀድሞ ከተናገረው አንድ ብር አልጨመረም። በመቆየታችን ልጨምርለት ስል "ያስቆየኋችሁ እኔ ነኝ" አለኝ። ነውር ከተባለ አንድ ነውር አለው፦ ሲመለስ የእንግሊዝ ኳስ የሚተነትን ሬዲዮ ከፍቶ ድምፁን መቀነስ ረሳ። አክስቴ ግን እንቅልፏን ለጥጣ ነበር።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። "ሌሊት እንዲጮህብኝ አልፈልግም" ብሎ አደራ ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ግን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይዛችሁ ስለምትሄዱት ሰው ንገሩት። የዚህን ሳምንት ቅዳሜ ግን አትጠይቁት፤ አክስቴ ይዛዋለች።