ካሜራዬን ከእጄ ላይ ላወረዱልኝ ከበሮ ሰሪ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የሚመለከተው ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ከበሮ ሰሪን ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ ለምነውኛል። «ስሜን አይቶ ምን ያደርግለታል? ሥራዬን ይይ» ነው ያሉት። እኔ ጋሼ ስለምላቸው እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ፎቶ አንሺ ከበሮ ሰሪ ጋ ምን ወሰዳት ትሉ ይሆናል። ላስረዳ።

እኔ ማታ ማታ ሙዚቃ ያለበትን ቤት እየዞርኩ ፎቶ አነሳለሁ። አዝማሪ ቤት፣ ጃዝ የሚጫወቱበት ሆቴል፣ ልጆች ባንድ ነገር አቋቁመው የሚሞካክሩበት ካፌ፣ ብቻ የትም። ገንዘብ ያስገኛል ለማለት ይከብዳል። አንዳንዱ ባንድ ለፖስተር ይከፍለኛል፣ አንዳንዱ እራት ይጋብዘኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ላኪልን» ብሎ ይጠፋል። ያልተውኩት ቤቶቹ ዛሬ ታይተው ነገ ስለማይገኙ ነው። ጣይቱ ሆቴል የነበረውን ጃዛምባ የተባለ የጃዝ ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በላው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ተራ ደረሰና ፈንዲቃ የተባለው አዝማሪ ቤት የነበረበት ሰፈር ፈረሰ። የዚያን ሰፈር ምሽት ቀድሞ በካሜራ ያስቀረ ሰው ዛሬ ምን እጁ ላይ እንዳለ ያውቀዋል።

ሌላው ጉዳይ ኩላሊቴ ነው። ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። ዳያሊሲስ ላይ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ። ይሄም ተመስገን ነው። በገንዘብ ምክንያት በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ።

ዳያሊሲስ የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ ላይ ፊስቱላ ይሠራለታል። ከወሊድ ጋር የሚያያዘው አይደለም። ሐኪሞቹ ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስን በቀዶ ጥገና ያገናኙና ደም መልሱ ወፍራምና ጠንካራ እንዲሆን ያደርጉታል። መርፌዎቹ የሚገቡት እዚያ ነው። ደም በአንዱ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ተጣርቶ በሌላው ይመለሳል። ስለዚህ ያ ክንድ የሕይወት መስመር ነው። ግፊት አይለካበትም፣ ከባድ ነገር አይነሳበትም፣ ሰዓት አይታሰርበትም፣ ቦርሳ አይንጠለጠልበትም፣ ተጭኖት አይተኛም። ደሙ ረግቶ ከተዘጋ ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ጣጣ ነው።

የእኔ ግራ ክንዴ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ስለማይነካ «ቀላል ነው» ብላችሁ ይሆናል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ቀኝ እጅ ቁልፍ ይጫናል፣ ክብደቱን ከታች ደግፎ የሚይዘው ግራ ነው። የኔ 70-200 የሚባለው ዙም ሌንስ ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ከካሜራው ጋር ሲሆን ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ያንን በግራ ክንድ ተሸክሞ ማምሸት አይታሰብም።

መፍትሔ ያልፈለግኩ እንዳይመስላችሁ። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አዝማሪ ቤት ውስጥ የት ይተከላል? ሰው ለእስክስታ ሲነሳ መሬቱ ሁሉ የእሱ ነው፤ አስተናጋጇም ትሪ ይዛ የምታልፍበት መንገድ ያስፈልጋታል። ቀለል ያለ አዲስ ካሜራ እንዳልገዛ ብሩ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። በስልክ እንዳላነሳ በዚያ ቀይ አምፖል ስር የሚወጣው ፎቶ ለአይን አይሞላም። ከውጭ የሚመጣ ሁለት ትከሻ ላይ የሚለበስ ማንገቻ በሰው በሰው አስመጣሁ። በግራ ብብቴ ስር አልፎ ሰቅዞ ያዘኝ፤ ለጤነኛ ሰው የተሠራ ነው። ለአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሸጥኩለት።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። የማሲንቆው ቆዳ ሲላላ የሚያስለብሰው እሳቸው ጋ ነው። «አንቺ የሚያስፈልግሽ ቆዳ የሚያውቅ ሰው ነው እንጂ ካሜራ የሚያውቅ ሰው አይደለም» አለኝ።

ሄድኩ። ቤታቸው ትንሽ ናት፤ ግማሹ ከበሮ፣ ግማሹ የተነከረ ቆዳ። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቆይቶ ይለመዳል። ነገሬን ሳስረዳ ወስፌያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ትልቅ ከበሮ አውርደው አንገታቸው ላይ አነገቱት።

«ልጄ፣ ይሄን ሌሊቱን ሙሉ የሚመታው ሰው በእጁ ይሸከመዋል?»

«አይ፣ በማንገቻው ነው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው በእጅሽ የምትሸከሚው? እጅ ለመምታት ነው።»

ለካስ ነገሩ ይኸው ነው! ስንት ዓመት ከበሮ ፎቶ ሳነሳ፣ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ አይቼው አላውቅም ነበር።

ካሜራዬን ግን ለመንካት ፈሩ። «ቢወድቅ ቤቴን ሸጬ አልከፍለውም» ብለው ሁለት የሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልተው በገመድ አሰሩና በእሱ ለኩኝ። ሁለት ሊትር፣ ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ውሃ በልክ ነው የተፈቀደልኝ። ለሁለት ቀን የሚበቃኝ ውሃ ሆዴ ላይ ተንጠልጥሎ ቆምኩ። ምክንያቱን ስነግራቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ አብረን ሳቅን።

ልኬቱ ላይ ያሳዩት ጥንቃቄ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። «የትኛው እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ግራ እጄን ሳሳያቸው በዚያ በኩል ገመድ እንኳ አላሳለፉም። ቆሜ፣ ቁጭ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ካሜራ አይኔ ላይ እንዳለ አስመስዬ እንድንቀሳቀስ አደረጉኝ። እያንዳንዱን በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ሲጨርሱ «ስትተኩሺ ትንፋሽ ትይዣለሽ አይደል? ሆድሽ ስለሚነፋ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይጨመርለት» አሉ። ፎቶ ማንሳትን «መተኮስ» ያሉት ከልባቸው ነው።

የሠሩልኝ እንዲህ ነው። ወገቤ ላይ የበሬ ቆዳ ቀበቶ አለ። ከፊቱ፣ ከእምብርት ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በሰም በታሸ ክር በእጅ የተሰፋ ጥልቅ የቆዳ ኪስ አለው። ሌንሱ ስር የምገጥማት አጭር ባለ አንድ እግር መቆሚያ አለች፤ ጫፏ እዚያ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። የሰንደቅ ዓላማ ያዦች ዘንጉን ወገባቸው ላይ የሚያስገቡበትን ነገር አይታችኋል? እንደዚያ። ከቀበቶው ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻዬ የሚወጣው ማንገቻ ከምናለሽ ተራ የተገዛ የመኪና ቀበቶ ነው፤ ትከሻው ላይ ከስሩ የበግ ሌጦ አለው። ግራ ጎኔ ባዶ ነው። ክብደቱ ወደ ዳሌዬ ይወርዳል፣ ግራ እጄ ዙሙን በጣት ለማዞር ብቻ ይነሳል። ኪሱ ውስጥም ጸጉሩ ያልተነሳ ሌጦ ለጥፈውበታል፤ እግሯ ስትዞር ሲጢጥ እንዳትል። በገና የሚደረደርበት ቤት ገብቼ እስካነሳ ድረስ ይሄ ነገር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር።

ከመጠቀሜ በፊት ዳያሊሲስ ለምታደርግልኝ ሲስተር አሳየኋት። ለብሼው ቆምኩ፤ ጣቷን በየማንገቻው ስር አስገብታ ፈተሸች። ከዚያ ማዳመጫዋን ክንዴ ላይ አድርጋ ያንን ሹው ሹው የሚል ድምፅ መጀመሪያ በማንገቻው፣ ቀጥሎ ያለ ማንገቻው ሰማች። ልዩነት የለውም አለች። እናንተም ተመሳሳይ ችግር ካለባችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ሐኪም አማክሩ፤ የሰው ሰውነት ይለያያል።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ላውራ። ማሽን ላይ የዋልኩ ቀን እግሬ አይቆምም፣ ግፊቴም ይወርዳል፤ ያን ዕለት እቤት ነኝ። የምወጣው በማግስቱ ነው። አርብ ማታ ምቹ ናት። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ለእስክስታ አይ.ኤስ.ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን፣ 6400 አድርጌ የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አላወርድም፤ ትከሻ ከዚያ በታች ጭጋግ ይሆናል። ለማሲንቆው ግን መቆሚያዋ ዳሌዬ ላይ ስለተተከለች እስከ 1/60 ወርጄ አነሳለሁ፤ ደጋኑ ሲሄድ ሲመጣ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ፊቱ ጥርት ይላል። ይሄን ጤነኛ እያለሁም አልችለውም ነበር።

ሰው «ቢራ ልጋብዝሽ» ሲል እምቢ ማለት ግን እስካሁን አልቀለለኝም። አንድ ቁራጭ በረዶ እጠይቅና እሱን አፌ ውስጥ አቆያለሁ።

ሌላ ጣጣም አለ። ፊስቱላው ላይ ጣት ሲያስቀምጡበት ይንዘራል፤ መንዘሩ ደሙ እየሄደ ለመሆኑ ምልክት ስለሆነ በየቀኑ መፈተሽ አለብኝ። ቤዝ ጊታሩ ስፒከር አጠገብ ሲጮህ ግን የሚንዘረው ክንዴ ይሁን ቤቱ አይለይም። እንዲህ ሲሆን ኮሪደር ላይ ወጥቼ አጣራና እመለሳለሁ። በረኛው መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር፣ አሁን ገና ስመጣ በሩን ይከፍትልኛል።

ማንገቻውን ለብሼ በወጣሁበት ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ለአዝማሪው ሹክ አለው። እኔ ሌንስ እየቀየርኩ ነው። አዝማሪው ወደ እኔ ዞሮ፦

«እቃ እንዳታነሳ ሐኪም ከልክሏት፣
ቤቱን ሙሉ አነሳች ማን ይናገራት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሸለምኩ፣ ምን ላድርግ!

ጥቆማ ሲሆን እንከኑም ይነገራል። ጋሼ ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው። «ሐሙስ ነይ» ካሉ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቁ። ሥራ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም። የቀበቶው ቀለም በላብ ጊዜ ነጭ ሸሚዝ ላይ ይለቃል፤ ጥቁር ልበሱ። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ስለሚጠጣ ትንሽ ይለጠጣል፤ እሳቸው ግን መልሰው ሲያጠብቁልኝ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ዋጋቸው ሥራውን ለሚያይ ሰው እርካሽ ነው። የአንድ ቀን ዳያሊሲስ ሂሳብ እንኳ አይሞላም። እኔ በበኩሌ መከራከር አፍሬ የጠሩትን ከፈልኩ።

ካሜራ ብቻ አይምሰላችሁ። የወገብ ህመም ያለበት ሳክስፎን ተጫዋች ጓደኛዬን ልኬው ለእሱም ማንገቻ ሠርተውለታል። አኮርዲዮን፣ ጊታር፣ ከበሮ፣ ክራር የሚይዝ፣ ትከሻው ወይም እጁ የደከመ ሰው ሁሉ ቢሄድ አያፍርም። ሕመማችሁን አትደብቋቸው፤ የሚለኩት በእሱ ነው። የምትይዙትን ዕቃ ክብደት በኪሎ አውቃችሁ ሂዱ፣ እንደ እኔ ውሃ እንዳያሸክሟችሁ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሰጣለሁ። ጥምቀት ሲቃረብ ግን አትሂዱ፤ ከየደብሩ የሚመጣ ከበሮ ደጃፋቸውን ይሞላዋል፣ ቀና ብለው አያዩዋችሁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሂዱ። ያኔ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይመታም፣ አዝማሪ ቤቱም ቀዝቀዝ ይላል፣ ጋሼም ቡና አፍልተው ቁጭ ብለው ይለኳችኋል።